ከጓሮ የሚወጣው ጭስ



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። “ባል” ወይም “ሚስት” እያልን የምንጠራውም ራሳችንን ነው፤ አንዳችን በሌላችን እንዳናሳብብ ስንል የመረጥነው አጻጻፍ ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አነስተኛ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ወደዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ላለፉት ስድስት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ማታ የጸሎትና የቃል ጥናት ኅብረት በቤታችን አለ። ስንጀምር ሰባት ነበርን፤ አሁን ሃያ አምስት እንደርሳለን፤ ልጆቹ ሳይቆጠሩ። ከጸሎት በኋላ አብሮ መብላት ከመጀመሪያው ቀን የኖረ ልማዳችን ነው። ሽሮም ይሁን ምስር፣ ሰው ከቤታችን ጸልዮ ባዶ ሆዱን እንዲሄድ አንወድም።

ስለዚህ ደህና የግቢ ማድቤት የመሥራት ሐሳብ ሲመጣልን፣ ከጌታ እንደ ሆነ አልተጠራጠርንም። የዋናው ቤት ኩሽና ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ይሰነብታል። ግቢው ላይ ሰፋ ያለ፣ አየር ያለው፣ ወገኖችም አረፍ ብለው የሚጫወቱበት ማድቤት ቢኖረን ኅብረቱ እንዴት ባማረ ነበር!

በስልካችን የውጭ አገር ሰዎችን የግቢ ማድቤት ፎቶ እያየን ብዙ ማታ አመሸን። በድንጋይ የተለበጠ መደርደሪያ፣ የሚያብረቀርቅ የሥጋ መጥበሻ፣ ከላዩ የወይን ሐረግ የተንጠለጠለበት ጥላ፣ ከፊቱ ረጃጅም ወንበሮች። በልጃችን የሒሳብ ደብተር ላይ ንድፍ አወጣን። ባል የሥጋ መጥበሻውን ሦስት ጊዜ እያጠፋ አሳድጎ ሳለው። ሚስት በጣሪያው ዙሪያ መብራት ደረደረች። በንድፉ ላይ እጃችንን ጭነን ጸለይን፤ እውነታችንን ነው። ጌታ በሉቃስ 14 ላይ፣ ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረውን አንብበን፣ እኛም ተቀምጠን አሰላን። ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ቆርቆሮ፣ ሴራሚክ፣ የግንበኛ፣ የቀን ሠራተኛ። ፈቃድ ለማውጣት የሚፈጀውን ምልልስ ሳይቀር ቆጠርን። ሁሉን የቆጠርን መስሎን ነበር።

ነገር ግን በግቢያችን ውስጥ ማድቤት ድሮም ነበረ። ንድፋችን ላይ ግን የለም።

ከዋናው ቤት በስተጀርባ፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ የቆመ፣ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጭስ ቤት ነው። ቤቱን ስንይዝ አብሮ የመጣ ነው። መስኮት የለውም። በሩ ወደ አጥሩ ነው የሚከፈተው፤ ከበሩ እስከ አጥሩ ያለው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል፤ ወለሉ አፈር ነው፤ መሐሉ ላይ ሦስት ጉልቻ፣ በጉልቻው ላይ የሸክላ ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድም አለን፤ ግን ሲሰካ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም ይላል፤ ስለዚህ ከአልጋ ሥር ካስገባነው ቆይቷል። እንጀራው የሚጋገረው ጭስ ቤት ውስጥ ነው። በንድፉ ላይ ያ ጥግ ባዶ ነጭ ወረቀት ነበር። “እሱ እንዳለ ይቆይ፤ ከእንግዳ ዓይን የራቀ ነው” ተባብለናል።

እዚያ ውስጥ ሰኞና ሐሙስ የሚሠሩት እማማ ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ የሰፈሩም ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። እሳቱን ከመለኮሳቸው በፊት ያማትባሉ፤ የመጀመሪያውን ሊጥ ከማፍሰሳቸው በፊትም ያማትባሉ። ለኅብረቱና ለቤታችን የሚበቃው እንጀራ ከአርባ በላይ ነው። አንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ምጣዱ እስኪግል የሚጠበቀው፣ ማሰሱ፣ ማውጣቱ፣ እሳቱን መቆስቆሱ ሲጨመርበት ሦስት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ይህን ስሌት የሠራነው ዘግይተን ነው።

አሁን የምንጽፈው ነገር ያሳፍረናል። በኅብረታችን የጸሎት ርእሶች ዝርዝር ላይ የእማማ ስም ነበረ። ጌታን በግላቸው እንዲያገኙ በየሐሙሱ እንጸልይላቸው ነበር። ሊጡ በዝቶ ሥራው ሲመሽ፣ እሳቸው ከጓሮ ገና እየጋገሩ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ እጃችንን አንስተን ስለ ነፍሳቸው በእንባ እንለምናለን። እሳቸውም ያነባሉ፤ ከጭሱ የተነሣ።

ባለፈው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ እማማ አንድ ሰኞ ቀሩ። ሐሙስም ቀሩ። ስንደውል “ትንሽ አሞኝ ነው፤ ይሻለኛል” አሉ። ሊጡ ቦክቷል፤ ኅብረቱ ማታ ነው። ሚስት ነጠላዋን አሸርጣ ገባች። እንጀራ መጋገር ከእናቷ የተማረችው ነው፤ ግን እዚያ ጭስ ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ሊጥ ጋግራ አታውቅም። እንጨቱ ክረምቱን ርሶ ከርሟል። ሰባተኛው እንጀራ ላይ ወጥታ አጥሩን ተደግፋ ሳለች። አሥራ አንደኛው ላይ ባል ሊረዳት ገባ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። “ሰው እዚህ ውስጥ እንዴት ነው የሚቆመው?” አለ። ይህን የጠየቀው እዚያ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ከኖረ በኋላ ነው። ሊጡን አልጨረስነውም። የዚያን ማታ ኅብረቱ ዳቦ ገዝቶ በላ።

ቅዳሜ ብርቱካን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ስንሄድ የመጀመሪያችን ነበር፤ መንገዱን ሰው ጠይቀን ነው ያገኘነው። ዓይናቸው ቀልቶ አብጧል። እንዲያም ሆኖ ተነሥተው ቡና አፈሉልን፤ ከሰሉን ደጅ አውጥተው አቀጣጠሉ። ልጃቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስዷቸው ነበር። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መጀመሩን አይቶ፣ “የት ነው የሚያበስሉት?” ብሎ ጠይቋቸዋል። ጭሱ ብቻ ነው ያመጣው አላለም፤ ዕድሜም አለ። ከጭስ ራቁ ግን ብሏቸዋል። ይህን ሁሉ የነገረን ልጃቸው ነው፤ እማማ በዓይናቸው ሊያስቆሙት እየሞከሩ።

“ለምን አልነገሩንም፣ እማማ?” አልናቸው።

ሲኒውን እያለቀለቁ፣ “ብነግራችሁ ሌላ ጋጋሪ ትፈልጉ ነበራ” አሉ።

በታክሲ ስንመለስ አልተነጋገርንም።

ቤት ገብተን ስለ ጭስ አነበብን። የዓለም ጤና ድርጅት፣ በማገዶና በመሳሰለው ከማብሰል የሚመጣው የቤት ውስጥ አየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ምክንያት እንደ ነበረ ይገምታል። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ በሽታ፤ የዓይን ሞራም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ድርጅቱ ይጠቅሳል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። እኛን እንቅልፍ የነሳን ግን ያች “ሌላ ጋጋሪ ትፈልጉ ነበራ” ያሏት ቃል ናት። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ እኛ የተማሩት ይህን ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የምንነግራችሁ በዚያው ሳምንት ሆነ ብንል ምስክርነቱ ባማረ ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ማታ ማታ ኦሪት ዘዳግምን በቅደም ተከተል እያነበብን ነበርና ምዕራፍ 22 ላይ ደረስን። ስለ ጠፋ በሬ፣ ስለ ወፍ ጎጆ፣ እንደ ዋዛ የሚታለፉ የሚመስሉ ሕጎች ናቸው። ቁጥር 8 ላይ ግን ሁለታችንም ቆምን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዛል፤ ምክንያቱንም ይናገራል፦ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ ይሆናልና።

በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ይወጣበታል፣ ይሠራበታል፣ ይተኛበታል። ረዓብ ሰላዮቹን የደበቀችው በጣራዋ ላይ ባሰጣችው የተልባ እግር ውስጥ ነው (ኢያሱ 2፥6)። ጴጥሮስ ሊጸልይ የወጣው ወደ ጣራ ነው (ሐዋ 10፥9)። ስለዚህ መከታ ማለት ጌጥ አይደለም፤ በየቀኑ በዚያ ጠርዝ አጠገብ ለሚመላለስ ሰው የተሠራ ነው። የአይሁድ መምህራንም ሕጉን ከጣራ አሳልፈው፣ ክዳን ለሌለው ጉድጓድና ሰውን ለሚጎዳ ሌላ ነገር ሁሉ እንደሚሠራ አስተምረዋል።

ያስገረመን ሕጉ የተሰጠበት ጊዜ ነው። ሕዝቡ ገና በድንኳን ነው የሚኖረው፤ ዮርዳኖስን አልተሻገረም፤ ጣራ የለውም። እግዚአብሔር ግን ገና ስላልተሠራው ቤት ጣራ ጠርዝ፣ ገና ስላልወደቀው ሰው ያስባል። ደሙም በወደቀው ሰው ጥንቃቄ ማነስ አይሳበብም፤ በቤቱ ላይ ነው የሚሆነው። “እሷ ራሷ መጠንቀቅ ነበረባት”፣ “መች ነገረችን?” የሚል መልስ በዚያ ቁጥር ውስጥ ቦታ የለውም።

ቤታችንን ለጌታ የሰጠን ይመስለን ነበር። የሰጠነው ሳሎኑን ነው። ስንጸልይም “በዚህ ቤት ላይ ንገሥ” ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ሶፋውና ምንጣፉ ነው። ጓሮው የማን እንደ ነበረ ያን ማታ ጠየቅን፤ ጠይቀንም ዝም አልን። ከዚያ ተንበርክከን ንስሐ ገባን። ንስሐ ገባን ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ የእኛ ንስሐ ግን ብሎኬትና የጭስ ማውጫ ቧንቧ ይፈልግ ነበር።

ንድፉን ይዘን ተመልሰን እማማ ጋ ሄድን። እስኪያገግሙ እንጀራ ከገበያ እየገዛን ነበር፤ ክፍያቸውንም አላቋረጥንም። (ይህን እንደ በጎ ሥራ ቆጥረን አይደለም የምንጽፈው፤ ሌላ ምን ሊደረግ?) ወረቀቱን ፊታቸው ዘርግተን፣ “እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ማድቤቱን እንዴት ይሠሩት ነበር?” አልናቸው።

ብዙ ዝም አሉ። የቀለድንባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። ከዚያ፣ “በሩን ወደ ግቢው አዙሩት” አሉ።

ጭሱ እንዲወጣ ነው ብለን ገመትን። “አይ፣ አጥር ማየት ሰልችቶኝ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ ልይ። ስትዘምሩም ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም።”

አንዴ ከጀመሩ በኋላ አላቆሙም። ነፋሱ ጠዋት ከየት እንደሚመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ወደየት እንደሚዞር ያውቃሉ። ዝናቡ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ያውቃሉ። መሬት ላይ ያለ ምጣድ ወገባቸውን እንደሚቆርጣቸው ነገሩን። ግንበኛ ይህን አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። በአገራችን ማድቤት የሚገነቡት ወንዶች ናቸው፤ ውስጡ ገብተው የሚኖሩት ግን ሴቶች። ይህ አሠራር ብዙ ቤት ውስጥ ጭሱን አስቀርቶታል ብለን እናምናለን።

ከእናንተም መካከል ማድቤት ለመሥራት የምታስቡ ልትኖሩ ትችላላችሁና የሠራነውን እንንገራችሁ።

ጭስ ቤቱን አፈረስነው። በቦታው አራት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ፣ በሦስት ወገን የብሎኬት ግድግዳ ያለው ማድቤት ቆመ። በግቢው በኩል ያለው ግድግዳ እስከ ወገብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍት። ጣሪያው ግድግዳው ላይ አልተኛም፤ በብረት ቋሚዎች ከፍ ብሎ በዙሪያው አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለው፤ ዝናብ እንዳያስገባ ቆርቆሮው ወደ ውጭ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ወጥቷል። ትኩስ አየርና ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ መውጫውን ከላይ ካልሰጣችሁት ተመልሶ ሰው ፊት ላይ ይወርዳል። መስኮት ብቻውን አይበቃም።

ጉልቻው ቀርቶ ምርጥ ምድጃ ገባ። ይህ ምድጃ በአገራችን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋ፣ ከአሸዋና ከሲሚንቶ በክፍል በክፍል ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከኋላው በሚወጣው ትርፍ ሙቀት ላይ ድስት ይጣዳል፤ እማማ አብሲታቸውን እዚያ ይጥሉበታል። ምድጃውን መሬት ላይ አላስቀመጥነውም፤ በብሎኬት መድረክ ሠርተን ምጣዱ ከወለሉ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ። ከኋላው አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከጣሪያው ጫፍ ግማሽ ሜትር አልፏል። ግንበኛው ቧንቧውን ሁለት ጊዜ አጥፎ በጎን ሊያወጣው ፈልጎ ነበር፤ በየመታጠፊያው ጥላሸት ስለሚጠራቀምና ጭሱ ስለሚንቀረፈፍ እንቢ አልን።

የመደርደሪያው ከፍታ ደግሞ እንዲህ ነው የሚለካው፦ ሠራተኛዋ ቀጥ ብላ ቆማ ክርኗን ታጥፋለች፤ ከክርኗ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይደረጋል። እማማን በሜትር ስንለካቸው፣ “ልብስ ልታሰፉልኝ ነው?” ብለው ሳቁ። ሰማንያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ባል አሁን ሽንኩርት ሲከትፍ ያጎነብሳል። ይገባዋል።

የመብራቱን ነገር ባለሙያ አየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ አሥራ ስድስት አምፔር መሆኑ ነው። እኛ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር የምንሰካው። መብራቱ በመጥፋቱ ስንማረር ኖረናል፤ ቤቱ አለመቃጠሉ ግን ምሕረት ነው። አሁን ለብቻው ከቆጣሪው የመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና ኤርዝ አለው። መብራት ባለበት ቀን በኤሌክትሪክ፣ በሌለበት ቀን በምርጥ ምድጃው ይጋገራል።

ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር እንደሚከብድ አትርሱ፤ ሲያፈስ እንደ ውኃ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከግድግዳው ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ከፍሳሽ ቀዳዳ ርቆ ቀጥ ብሎ ይቁም። ስለ ከሰልም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቡና ከተፈላ በኋላ “ለሙቀት” ተብሎ ወደ ተዘጋ መኝታ ቤት የሚገባ ከሰል ሰውን እንደ ተኛ ይወስዳል። እባካችሁ፣ ይህን ለልጆቻችሁም ለሠራተኞቻችሁም ንገሯቸው።

ሌላው ሁሉ ትንንሽ ነገር ነው። ወለሉ የማያዳልጥ ሲሚንቶ ሆኖ ወደ ፍሳሹ በትንሹ ያዘነበለ። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ጣሪያ ሥር፤ እርጥብ እንጨት ጭስ ነውና። ሕፃናት እንዳይገቡ ግማሽ በር። የአሸዋ ባልዲ። ዘይት ሲቀጣጠል ውኃ እንዳይደፋበት፣ ክዳን ብቻ እንዲደረግበት ለሁሉም ተነገረ። እማማ የጠየቁት ደግሞ ነጠላቸውን የሚሰቅሉበት አንድ ሚስማርና መደገፊያ ያለው ወንበር ነው። ከሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

ብሩ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። የሥጋ መጥበሻው ተሰረዘ። የድንጋይ ልባጡ ተሰረዘ። ረጃጅሞቹ ወንበሮች ተሰረዙ። መብራቶቹ ሁለት አምፖል ሆኑ። ባል ስለ መጥበሻው ለጥቂት ቀናት እንደ ሐዘንተኛ ሆኖ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ ስልኩ ላይ ያያታል። አንድ ዘመዳችን ሥራውን አይቶ፣ “ለጋጋሪ ይህን ያህል?” አለን። ተቆጣን። በኋላ ስናስበው፣ ያ ጥያቄ ለስድስት ዓመት በእኛ ልብ ውስጥ ሳይነገር የኖረው ነው።

ትዕቢት ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! ማድቤቱ ሊያልቅ ሲል ለኅብረቱ የምናቀርበውን ምስክርነት ማዘጋጀት ጀምረን ነበር፤ የድሮው ጭስ ቤት ፎቶ በአንድ በኩል፣ አዲሱ በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ እማማ ቆመው። እሳቸው ግን፣ “እኔን እንኳ አታንሱኝ” አሉ። በዚህ ጽሑፍ ላይ ፎቶ የሌለው ለዚህ ነው። መንፈስ ቅዱስ በእሳቸው አፍ ከአንድ ተጨማሪ ውድቀት አስመለጠን።

ሥራው በሚካሄድበት ወቅት ደጋግመን ያነበብነው ዮሐንስ 21ን ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው፣ አንድም ሳይዙ ነግቷል። ጌታ ዳር ላይ ቆሟል። ሞትን ያሸነፈ፣ ሥልጣን ሁሉ የእርሱ የሆነ ጌታ ነው። ወደ ምድር ሲወጡ ያገኙት ግን ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ በላዩ ተጥዶ፣ እንጀራም ቀርቦ ነው። ማን አቀጣጠለው? ማን እፍ አለው? ጭሱ የማን ዓይን ውስጥ ገባ? በሠራነው ስሌት ሁሉ፣ በሰዎቹ ቦታ ተቀምጠን ምግብ ሲቀርብልን እናስብ ነበር እንጂ፣ ጌታን ከእሳቱ ወገን አድርገን አስበነው አናውቅም።

በአዲስ ኪዳን የግሪክኛው ቃል ያ “ፍም” የሚገኘው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ዮሐንስ 18፥18 ላይ፣ ጴጥሮስ ከሎሌዎች ጋር ቆሞ እየሞቀ ጌታውን በካደበት ግቢ። ለጴጥሮስ የፍም ሽታ የክህደቱ ሽታ ሳይሆን አይቀርም። ጌታ “ትወደኛለህን?” ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቀው በሌላ ፍም አጠገብ ነው፤ ያውም ካበላው በኋላ። የበደልንበትን ቦታ ሸፍኖ አያሳልፈንም፤ ወደዚያው መልሶ ያስቀምጠናል። የእኛ ቦታ ጓሮው ነበር።

እማማ የተመለሱት ከጥምቀት በኋላ ነው። ለዓይናቸው ሕክምና ከኅብረቱ ጋር ተካፍለናል፤ ቀኝ ዓይናቸው ገና ቀጠሮ ይጠብቃል። ሰኞ ማለዳ ሁለታችንም ከሥራ ፈቃድ ወስደን ቆየናቸው። አዲሱን ምጣድ ሊያሟሹ እሳቱን ለኮሱ፤ አማተቡ። ጭሱ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ተመልሶ ማድቤቱን ሞላው። ልባችን ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ወጪ! ባል ግንበኛው ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ። እማማ ግን ቧንቧውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ “በርዶት ነው” አሉና ደረቅ ቅጠል ጠቅልለው በቧንቧው ሥር አነደዱበት። ቧንቧው ሲሞቅ ጭሱ እየተጎተተ ወጣ። ወደ ግቢው ወጥተን ቀና ብለን ከጣሪያው በላይ ሲበተን አየነው።

ለዚያ ቀን ያዘጋጀነው ንግግር ነበረን። እማማ አጠገብ ቆመን፣ ስድስት ዓመት እንደ በደልናቸው፣ ማየት ሲገባን እንዳላየን፣ ይቅር እንዲሉን ለመንናቸው። ሚስት መጨረስ አቃታት። እማማ ወደ እሳቱ እያዩ ነበር።

“እግዜር ሁላችንንም ይቅር ይበለን። በሉ ተዉት፣ ልጆቼ። ማሰሻውን አቀብሉኝ፤ ምጣዱ ግሏል።”

የመጀመሪያው እንደ ማሟሻ ሁሉ ዓይን የሌለው፣ ጠርዙ የተቀደደ ሆኖ ወጣ። በሰፌዱ ላይ አድርገው፣ “ይህ የእናንተ ነው” ብለው ሰጡን። እዚያው ግማሽ በሩ ላይ ተደግፈን ቆመን በላነው።